መጨረሻው ሰባ ሰባት

ጥቅምት 9

ይድረስ ለቀጮ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እማማም፣ ልጅቷም፣ እኔም ቆመን እንሄዳለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ያለህበትን አገር ብርድ ያቅልልህ፣ እጅህ የነካው ሥራ ሁሉ ይቃናልህ።

ምርቃቱን ሰምተህ እፎይ አትበል። ስልክህ ከጋሼህ ቀብር ወዲህ አይነሳም። ቁጥር ቀይረህ እንደሆነ ለእማማ እንኳ አልነገርካትም፤ ከልጇ ከጋሼህ ጋር ያሳደገችህ ሴት ናት። እሷ "ሥራ በዝቶበት ነው" ትላለች። እኔ ደግሞ በሆዴ "ሥራ የበዛበት ሰው ሁሉ ስልክ ይቀይራል እንዴ?" እላለሁ። ለማንኛውም የቤትህ አድራሻ ከባለቤቴ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ተገኘና ወረቀት ያዝኩ። ወረቀት አላነሳም አይልም።

የምጽፍልህ ስለ ላቦራቶሪው ኮምፒውተር ነው። እንደምታውቀው የምርመራ ውጤት መዝጋቢ ነኝ። የደሙን፣ የሽንቱን፣ የአክታውን ውጤት እዚህ አስገባለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው የሕሙማን ሕንፃ ሐኪሞቹ በየክፍላቸው ያነቡታል። መስመሩን የዘረጋው ባለቤቴ፣ ሙያውን ያስተማረህ ጋሼህ ነው፤ ጣራው ላይ ያለውን አንቴና የሰቀለውም እሱ ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ኮምፒውተሩ አንድ ጠባይ አመጣ። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሲሆን ውጤት መላክ ያቆማል። አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ማንም ሳይነካው ይለቀቃል። አንድ ደቂቃ አያሳልፍም፣ አንድ ደቂቃ አይቀድምም። እሑድም ያው ነው፤ ተረኛ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ስምንት ወር ቻልነው። በዚያች ሰዓት ውጤቱን በወረቀት ጽፌ መንገድ እሻገራለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሥራ በዝቶብኝ ሰዓቱን ዘነጋሁ፤ የአንዲት ወላድ የደም ዓይነት እዚያው ተይዞ ቀረ። እኔ ተልኳል ብዬ ተቀምጫለሁ። ሴትዮዋ ተርፋለች። ኃላፊው ግን ሁለተኛ ቢደገም ወንበሩን ለሌላ እንደሚሰጥ በጽሑፍ አሳውቆኛል። የጥገና ባለሙያው ሲጠራ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ "ተስተካክሏል" ብሎ ይሄዳል። የሚመጣው ሁልጊዜ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስለሆነ ተስተካክሎ ነው የሚያገኘው።

ሌላው ለመጻፍ ይከብደኛል። ባለቤቴ ያን ቀን ለምን ጣራ ላይ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። እኔ ያን ቀን ሥራ አልገባሁም ነበር፤ ማንም አላዘዘውም፣ ለማንም አልተናገረም። ኮቱን ወንበር ላይ ትቶ ወጣ፤ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ወደቀ። ታላቅ ወንድሙ "ራሱን ጥሏል" ይላል። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ አሁን ሰው ፊት ሆኗል። ፎቶውን ከእማማ ሳሎን አውርዶታል። እማማ ፎቶው ወደነበረበት ግድግዳ ዞራ ትቀመጣለች። ልጄ ትምህርት ቤት ስሟን ስትጠየቅ የአባቷ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። እኔ እንዳልዘለለ አውቃለሁ፤ ግን ማወቅና ማሳየት ለየቅል ናቸው።

ስልኩ ላይ ያን ጠዋት ላንተ ሦስት ጊዜ እንደደወለ ይታያል። ምን አለህ? ይህን ጻፍልኝ። ስለ ኮምፒውተሩም የምታውቀውን።

የጋሼህ ባለቤት



ኅዳር 4

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎ። እማማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፣ ልጅቷን ግንባሯን። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።

ስልኬ ጠፍቶ ነው ቁጥሬ የተቀየረው። ሥራውም እንደሚያውቁት ነው፤ የሦስት አገር ደንበኛ በአንድ ጊዜ ይጮኽብኛል፤ የማንን ቀድሜ እንደምሰማ አላውቅም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኮምፒውተር መንገድ አያውቅም፤ የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው። ሆዱ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ "ወደዚህ ቦታ የሚሄደውን ዕቃ ለእገሌ ስጥ" ይላል። እሱም ለእገሌ ይሰጣል፤ እገሌ ያደርሰዋል። እገሌ ከሌለ ዕቃው መንገድ ላይ ይቀራል። የእናንተ ኮምፒውተር ውጤቱን መስጠት ያለበት ለአንቴናው ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን ማየት አለብኝ፤ ከዚህ ሆኜ ልገባ ብሞክር የድሮው መግቢያዬ አልሠራም አለ።

በተያያዘው ወረቀት ላይ ሁለት ትዕዛዝ በላቲን ፊደል ጽፌያለሁ። ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍተው የመጀመሪያውን ሲያስገቡ ሠንጠረዡ ይወጣል። ፊደል ሳይዘሉ በእጅዎ ገልብጠው ይላኩልኝ። የሚያስፈልገኝ ከላይ ያለው ረጅሙ ዝርዝር ነው። ከሥሩ አንዲት አጭር ዝርዝር አለች፤ እሷን ይተዉአት፤ በከንቱ አይድከሙ። ሁለተኛው ትዕዛዝ ፒንግ ይባላል፤ አንድን አድራሻ "አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቂያ ነው። ካለ አራት ጊዜ "አለሁ" ይልዎታል፤ ከሌለ ዝም ነው። አንቴናውን ይጠይቁልኝ።

ስለ ታላቅ ወንድሙ የጻፉትን አነበብኩ። የሰው አፍ ነው፤ ሲደክመው ይተዋል። እርስዎ ይበርቱ።

ታናሽዎ ቀጮ



ኅዳር 23

ይድረስ ለቀጮ፣

ሰላምህ ይብዛ። እማማ ስለ ሰላምታህ መርቃሃለች፤ ምርቃቷ ረጅም ስለሆነ ወረቀት አይበቃውም፤ አድርሰሻል በለኝ።

"እርስዎ" ማለት ከመቼ ጀመርክ? "አንቺ" እያልክ ከድስቴ ሥጋ ስትለቅም ያደግክ ልጅ ነህ። አገሩ ጨዋ አድርጎህ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ደስ አላለኝም።

ሠንጠረዡን ገልብጬ ልኬያለሁ። የታችኛዋንም ጨምሬ ነው። ለላቦራቶሪ መዝጋቢ "ይቺን ተዪአት" አይባልም፤ የተተወ ነገር ሰው ይገድላል። እንዲያውም የላይኛው ምንም የተለየ የለውም፤ ጉዱ ያለው ከታች ነው። የጥገና ባለሙያው እንደተረጎመልኝ ርእሷ "ቋሚ መንገዶች" ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ የማይረሳቸው ማለት ነው አለኝ። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ወደ ሕሙማን ሕንፃ የሚሄድ ሁሉ መጨረሻው ሰባ ሰባት ለሆነ አድራሻ ይሰጥ ይላል።

የባለቤቴን ደብተር አወጣሁ። የሰቀለውን፣ የቀበረውን ዕቃ ሁሉ ከነአድራሻው ጽፏል፤ ከአንድ እስከ አርባ። አንቴናው አሥራ ሰባት ነው። ሰባ ሰባት የሚባል የለም። ባለሙያው ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ ኮርኒሱን ከፈተ፣ የናሙና ማቅለሚያ ቁም ሣጥኑን አገላበጠ። የለም። እኔ "እስቲ ይጠየቅ" አልኩና ሁለተኛውን ትዕዛዝህን አስገብቼ ሰባ ሰባትን "አለህ ወይ?" አልኩት።

አራት ጊዜ "አለሁ" አለ።

ባለሙያው ቁጥሩን አየና "ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው የፈጀው" አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ "ቅርብ ነው፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው" አለ። ሁለታችንም ክፍሉን አየነው። እሱና እኔ፣ የደም ማቀዝቀዣው፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ የእጅ መታጠቢያው። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ እያንዳንዱን በነቀለ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ "አለሁ" ይላል። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ በቀር ከምንም ጋር አልተያያዘም ነበር። ጠየቅሁ፤ "አለሁ" አለ። አንድ ውጤት ላክሁና ማዶ ስልክ ደወልኩ። ነርሷ "ደርሶናል" አለችኝ።

ባለሙያው መፍቻውን እንደያዘ ወጣ። ቦርሳውን ረስቶት ሄዶ በማግሥቱ ሰው ልኮ አስወሰደ። ኬብሎቹን መልሼ የሰካኋቸው እኔ ነኝ። ፈራሁ ብዬ ልጻፍልህ፤ ፈርቻለሁ። አሁን ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አልቀመጥም።

የጠየቅሁህን ግን ከደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ሦስት ጊዜ ደውሎ ምን አለህ? የደብዳቤዬን የላይኛውን አንብበህ የታችኛውን ትተኸው እንደሆነ መልሰህ አንብበው።

የጋሼህ ባለቤት



ታኅሣሥ 29

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በመዘግየቴ ይቅርታ።

ስለ መስመሩ አሰብኩበት። ብዙ መመራመር አያስፈልገውም። የተረሳ ገመድ አልባ ዕቃ አንድ ቦታ ይኖራል፤ በሥራችን እንዲህ ያለ ይገጥማል። ማን እንደጻፈው ማወቅ አይቻልም። ምናልባት ጋሼ ራሱ ለሙከራ አስገብቶት ረስቶት ይሆናል፤ የሞተ ሰው መውቀስ አይሁንብኝ።

ይሰርዙት። በተያያዘው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ይሰርዛል፤ ሁለተኛው ወደ አንቴናው፣ ወደ አሥራ ሰባት፣ የሚወስደውን ትክክለኛ መስመር ያስገባል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሲጨርሱ ወረቀቱን ይቅደዱት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከሦስት ሰዓት ከአርባ በኋላ ተቀምጠው "አለህ ወይ?" እያሉ አይጠይቁት። ለምን ብለው አይጠይቁኝ።

ቀጮ



ጥር 18

ይድረስ ለቀጮ፣

እንደምን አለህ? የእማማ ጉልበት ብሶባታል፤ ሌላው ደኅና ነው።

አልሰረዝኩትም። ምክንያቱን ልንገርህ።

"ጋሼ ራሱ አስገብቶት ይሆናል" ያልከውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ደብተሩ ላይ በገዛ እጁ የጻፈውን ልገልብጥልህ፦ "ቀጮን ያስተማርኩት፤ መጀመሪያ ጊዜያዊ አድርገህ አስገባ። ፈትን። ሠርቶ ስታይ ብቻ ቋሚ አድርገው። ጊዜያዊ ስህተት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ቋሚ ስህተት ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።" ይህን የጻፈ ሰው ለሙከራ ብሎ ቋሚ አያስገባም። አንተም ታውቀዋለህ፤ ወጥ ላይ ጨው ሲጨምር እንኳ ሦስት ጊዜ የሚቀምስ ሰው ነበር።

ሁለተኛ፣ አትጠይቂ ያልከኝን ጠይቄያለሁ። በዚያች ሰዓት እንደምጠይቀው አልጻፍኩልህም ነበር፤ ያኔ ገና አልጀመርኩም። ከደብዳቤህ በኋላ ነው የጀመርኩት። አምስት ቀን ሙሉ ከሦስት ሰዓት ከአርባ እስከ አራት ከሃያ እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ውጤቶቹን ተላላኪዋ በእግሯ ታደርስልኛለች። ሦስት ከአርባ ሲሆን ዝም ይላል። ከዚያ ሦስት ከሃምሳ ሁለት ላይ አንዴ "አለሁ" ይላል። ዝም። አራት ሰዓት ላይ አንዴ። ዝም። አራት ከስምንት ላይ አንዴ። ከዚያ እስከ አራት ከሃያ ምንም። አምስቱም ቀን አንድ ናቸው።

የባለቤቴን ስልክ ከመሳቢያ አውጥቼ ቻርጅ አደረግሁት። ላንተ የደወለባቸው ሰዓቶች ሦስት ከሃምሳ ሁለት፣ አራት ሰዓት፣ አራት ከስምንት ናቸው።

እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ግን ሁለት ብልቃጥ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካየሁ የአንድ ሰው ደም መሆኑን አውቃለሁ። ፍርሃቴ አልፏል። አሁን ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ስለማውቅ ጀርባዬን ሰጥቼ እሠራለሁ። መጀመሪያ አስተካክልልኝ ብዬ ጻፍኩልህ፤ አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። ማንም ከሩቅ ገብቶ ያን መስመር እንዳይነካብኝ፤ አንተም ጭምር።

የካቲት 17 ዓመቱ ይሞላል። ታላቅ ወንድሙ ዘመድ ሰብስቦ "ራሱን ላጠፋ ሰው መታሰቢያ አይደረግም" ሊል ተዘጋጅቷል። ልጄ ይህን እዚያው ተቀምጣ ትሰማለች። የምለው የለኝም። ያለው አንተ ጋ ነው። ምን አድርገህ ነበር?

የጋሼህ ባለቤት



የካቲት 17

እትዬ፣

ሰላምታውን ተይልኝ፤ ዛሬ በአፌ አይመረቅም።

ዛሬ ዓመቱ ነው። ከሁሉ በፊት እውነቱን ልንገርሽ፤ ጋሼ አልዘለለም። የወጣው ሊሠራ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ያን ጠዋት ከማዶ ሕንፃ በቢሮ ስልክ ደውሎልኝ ነበር፤ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን። የሕሙማን ሕንፃው አድራሻ በዚያው ጠዋት ስለሚቀየር አዲስ መስመር በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ እንዳስገባለት ለመነኝ። እሱ ማዶ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር። "እሺ ጋሼ" አልኩት። ከዚህ ሆኜ ገባሁ። በዚያ ሰዓት የሦስት ደንበኛ መስኮት ተከፍቶብኛል፤ የእኛ ሰዓት ከእናንተ ስለሚቀድም እዚህ ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ባልደረቦቼ በር ላይ ቆመው "ቶሎ በል" ይሉኛል። መስመሩን ራሴ በመጻፍ ፈንታ ከማስታወሻዬ ላይ ገልብጬ ለጠፍኩ። ማስታወሻው የሌላ ደንበኛ ነበር። ሰባ ሰባት የሚባል ዕቃ እናንተ ጋ የለም፤ እነሱ ጋ ነው ያለው። ያስተማረኝን ተውኩ። ጊዜያዊ አላደረግሁትም፣ አልፈተንኩትም፤ አንዴ ጠቅ አድርጌ ቋሚ አደረግሁትና ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ግን እሱን ስለማውቅ እንዳየሁት ነው። ሦስት ከአርባ ላይ ውጤት ቆመ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳ፤ አልሆነም። ደወለልኝ። እንደገና አስነሳ፣ ደወለ። ሦስተኛ። የኔ ስህተት ጊዜያዊ ቢሆን ኖሮ ሲያጠፋው ይጠፋ ነበር። እሱ ደግሞ እኔ ሳልፈትን ቋሚ አስገባለሁ ብሎ አያስብም፤ ስላስተማረኝ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ደኅና ነው፣ ችግሩ ውጭ ነው አለ። ውጭ ያለው አንቴናው ነው። ወጣ።

ከምሳ ስመለስ ሦስት ያልተነሳ ጥሪ አየሁ። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳም። ማታ እማማ ስታለቅስ ነው የሰማሁት። መስመሩን ልሰርዝ ገባሁ፤ ኮምፒውተራችሁ ጠፍቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ኔትወርኩ ይሠራል ሲባል ሌላ ሰው ያረመው መሰለኝ። እግዜር ሸፈነልኝ ብዬ ዝም አልኩ። ቁጥሬን የቀየርኩት ስልኬ ጠፍቶ አይደለም። ራሱን ጣለ መባሉን ካንቺ ደብዳቤ በፊት ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው።

አሁን ለምን እንደምጽፍ ልንገርሽ፤ ጀግኜ አይደለም። ሠንጠረዡን የገለበጥሽበት ደብዳቤ በደረሰኝ ማግሥት የሥራ ኮምፒውተሬን ስከፍት ያቺ መስመር ከታች ተጽፋ አገኘኋት። የእናንተ የሕሙማን ሕንፃ፣ ሰባ ሰባት፣ ቋሚ። ሰረዝኳት። አጥፍቼ ሳስነሳው ተመለሰች። ኮምፒውተሬ ተበላሸ ብዬ አስቀየርኩ፤ አዲሱን ከካርቶኑ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። አለች። "አለህ ወይ?" አልኩት። ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ "አለሁ" አለኝ። እትዬ፣ በእኔና በእናንተ መካከል ባሕር አለ። አንድ ጥያቄ እናንተ ጋ ደርሶ ለመመለስ የዚያን ሁለት መቶ እጥፍ ይፈጃል። እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ሆኖ ነው የሚመልስልኝ። በእናንተ ሦስት ከአርባ ሲሆን ዝም ይላል፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ። አትጠይቂው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ከወንበሬ ተነስቼ አላውቅም፤ ተቀምጬ እቆጥራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለፈለግሽው አንብቢው። ለታላቅ ወንድሙ፣ ለልጅቷ፣ ለኃላፊው። ለእማማ ብቻ ሳታነቢላት ብትቀሪ እወድ ነበር፤ ግን ያን ለመለመን ፊት የለኝም።

ቀጮ



መጋቢት 12

ይድረስ ለቀጮ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መታሰቢያው ሳይደረግ አልፎ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ያለውን ብሏል፤ ዘመዱም አቀርቅሮ ወጥቷል። አንብቤ ስጨርስ በመጀመሪያ ያሰብኩትን አልጽፍልህም። ሁለት ቀን ሥራዬን ሠራሁ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም መልሼ እማማ ሳሎን ጠራኋቸው። ቆሜ አነበብኩት። አንድ ቃል አልዘለልኩም፤ ስለ ራስህ የጻፍከውንም፣ ስለ ኮምፒውተርህ የጻፍከውንም። ታላቅ ወንድሙ "እስቲ ስጪኝ" ብሎ ተቀበለኝና ራሱ ደገመው። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ጓዳ ገብቶ ፎቶውን አምጥቶ ሰቀለው። ትንሽ ተንጋዷል፤ ላቃናው የሚል አልተገኘም። ልጄ "አባዬ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ማታ ደብተሮቿን ሁሉ አውጥታ ሽፋናቸው ላይ ስሟን ከነአባቷ በትልቁ ስትጽፍ አመሸች።

በማግሥቱ ይዣት ላቦራቶሪ ሄድኩ። ሦስት ከአርባ ሲሆን ሁለታችን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠናል። ዝም አለ። ሦስት ከሃምሳ ሁለት ላይ "አለሁ" አለ፤ አራት ሰዓት ላይ አለ፤ አራት ከስምንት ላይ አለ። እስከ አራት ከሃያ ጠበቅን። ሲለቀቅ ነገርኩት። በአፌ ነው የነገርኩት፤ በትዕዛዝ አይደለም። ስህተቱ ያንተ አይደለም፣ አንቴናው ደኅና ነበር፣ ቀጮ ጽፏል፣ ሁሉም ሰምተዋል አልኩት። ልጄ እጄን ይዛ ነበር። ከዚያ መስመሩን ሰረዝኩ። ትክክለኛውን በመጀመሪያ ጊዜያዊ አድርጌ አስገባሁ፣ አንድ ውጤት ልኬ ፈተንኩ፣ ነርሷ ደረሰኝ ስትል ቋሚ አደረግሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። ያለው አሥራ ሰባት ብቻ ነው።

ሰባ ሰባትን ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅሁት። ከአራቱ አንዱን መለሰ። ሦስቱ ጠፉ። ደግሜ ብጠይቅ አራቱም ጠፉ። ጓንቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ፤ ልጄ ፊቴን በእጅጌዋ ጠረገችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውጤት አንድ ደቂቃ አልዘገየም። ኃላፊው የጥገና ባለሙያውን አመስግኗል፤ እሱም ምስጋናውን ተቀብሏል።

ያንተ ኮምፒውተር ላይ ያለችው ትጥፋ አትጥፋ አላውቅም። እኔ የማውቀው የእኛን ነው።

እማማ በስሟ ጻፊልኝ ያለችኝን ደግሞ ልጻፍ። አንተ ባይነበብላት እወድ ነበር ያልክበት ቦታ ስደርስ እጇን አነሳች። ቆምኩ። "ምሳ ሰዓት ላይ አልነሳም ነው ያለው?" አለችኝ። አዎ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ አልኳት። ከዚያ እንዲህ አለች፤ እሷ እንዳለችው አስቀምጣለሁ፦ "ሁለቱንም ያበላሁ እኔ ነኝ። አንዱ ሥራ ላይ ሞተብኝ። ሌላው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በረሃብ አይሙትብኝ። ምሳውን ይብላ በይው።"

ይህ የሷ ነው። እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም፤ መድረሴንም አላውቅም። የተባለውን መጻፍ ግን ሥራዬ ስለሆነ ጽፌልሃለሁ።

የጋሼህ ባለቤት